ጥርስ ተሰብሮ ፊት ሲያብጥ፦ ከቤት እስከ ሐኪሙ ወንበር

የተሰበረ ጥርስ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ሽንብራ ቆሎ ሲቆረጠም ወይም የዶሮ አጥንት ሲጋጥ ቀጭ ይላል፤ ምላስ የተሸረፈውን ጠርዝ ታገኛለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ያማል። ሰው በሌላኛው ጎን ማኘክ ይጀምርና ወራት ያልፋሉ። ፊት ካበጠ ግን ቀጠሮ የሚያዝለት የጥርስ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ኢንፌክሽኑ ከጥርሱ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ገብቷል። ሐኪም ጋ የሚኬደው በዚያው ቀን ነው፤ አንዳንዴ በዚያው ሰዓት።

መጀመሪያ ምን እየሆነ እንዳለ እንረዳ። ጥርስ መሐል ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ክፍል አለ። ጥርሱ ሲሰበር ባክቴሪያ በስንጥቁ ይገባል። ነርቩ ይቆጣል፤ እንቅልፍ የሚነሳው ውጋት ያኔ ነው። ከዚያ ነርቩ ይሞታል፤ ሕመሙም ድንገት ጸጥ ይላል። ብዙ ሰው «ተመስገን፣ ተሻለኝ» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያው ግን ሥሩ ጫፍ ላይ መግል እየሠራ ነው። መግሉ መውጫ ሲያጣ አጥንቱን በስቶ ወደ ድድና ወደ ጉንጭ ይሄዳል። የላይኛው ጥርስ ከሆነ እስከ ዓይን ሥር ይደርሳል። የታችኛው መንጋጋ ከሆነ ደግሞ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ሊወርድ ይችላል። የበለጠ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው፤ የመተንፈሻ ቧንቧው እዚያው አጠገብ ስለሆነ።

1. መስተዋት ፊት ቁሙ

ወዴት እንደምትሄዱ የሚወስነው ይህ ምርመራ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መብራት አብሩ፤ ቢቻል ሰው አብሯችሁ ይሁን።

አፋችሁን ክፈቱ። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቱን ደርድሮ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቹ መካከል ያስገባል። ሁለት ጣት እንኳ አልገባ ካለ ኢንፌክሽኑ የማኘኪያ ጡንቻዎቹ ጋ ደርሷል ማለት ነው።

ምላሳችሁን አውጡ። አልወጣ ካለ፣ ወይም ምላስ ሥር ያለው ሥጋ አብጦ ምላሱን ወደ ላይ ከገፋው አደጋ ነው።

ምራቃችሁን ዋጡ። መዋጥ አቅቷችሁ ምራቁ በአፍ የሚዝረበረብ ከሆነ ጊዜ የለም።

አገጫችሁ ሥር በጣት ዳስሱ። አንዲት የምትንቀሳቀስ ንፍፊት ብትገኝ የተለመደ ነው። ከግራ እስከ ቀኝ እንደ እንጨት ጠንክሮ ካበጠ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ በ1836 በጀርመናዊው ሐኪም በሉድቪግ የተገለጸው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ስሙም በእሱ ተጠርቷል። ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ እየገፋ በሰዓታት ውስጥ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ነው።

ድምፃችሁን አዳምጡ። ትኩስ ነገር አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው የታፈነ ከሆነ፣ ወይም ጋደም ስትሉ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ አሁኑኑ ተነሡ። ዓይንም እንዲሁ፦ እብጠቱ ዓይኑን ከዘጋው፣ እይታ ከደበዘዘ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ከተጨመረ። በመጨረሻ ሙቀት ለኩ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ የልብ መምታት ወይም መዘባረቅ ካለ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ሳይገባ አልቀረም።

ከነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ካለ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሰፈር ያለው የጥርስ ክሊኒክ እስኪከፈት አትጠብቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አዲስ አበባ ውስጥ በ939 የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንን ማግኘት ይቻላል። አምቡላንስ ከዘገየ በታክሲም ቢሆን ሂዱ። ታማሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ እንጂ በጀርባው አይተኛ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል መንገድ ላይ ምግብና መጠጥ አይሰጠው።

ምንም የአደጋ ምልክት ከሌለ የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምሩና በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ሰዓቱም ይያዝ። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ እብጠቱ መስመሩን ካለፈ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ይናገራል።

2. የት ነው የሚኬደው?

የአደጋ ምልክት ከሌለ የጥርስ ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል በዚያው ቀን። በከተማ የግል የጥርስ ክሊኒክ አይጠፋም። ገጠር ያለ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ማጻፍ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈሩን ይዞ መሄድ ወጪውን ያቀልላል። የመድን መታወቂያችሁ መታደሱን ግን አስቀድማችሁ እዩ።

የአደጋ ምልክት ካለ ደግሞ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ይመረጣል። ሐኪሞቹ «ማክሲሎፌሻል» የሚሉት ክፍል ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና የካቲት 12 ይህ ክፍል አላቸው። ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም የጥርስ ሐኪም የሚያሠለጥኑ ስለሆኑ በአካባቢው ላለ ሰው ቅርብ ናቸው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን እነዚህን ፍለጋ ረጅም መንገድ አይሂድ። ኦክስጅንና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ያለበት ቅርብ ሆስፒታል ይግባ፤ ከዚያ ራሳቸው ያስተላልፉታል።

ግል ክሊኒክ ስትመርጡ አንድ ነገር ዓይታችሁ አረጋግጡ፦ ዕቃዎቹ ከታሸገ ከረጢት ውስጥ እናንተ ፊት መውጣታቸውን። ጀርሙ በአግባቡ ያልተገደለ መንቀያ ሄፓታይተስ ቢንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። በርካሽ ዋጋ ቤት ለቤት ወይም ገበያ ላይ ጥርስ የሚነቅሉትን ፊታችሁ አብጦ እያለ ቀርቶ በሌላ ጊዜም አትጠጉ።

3. ስልክ ስትደውሉ ወይም ካርድ ስታወጡ

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። «ጥርሴን አሞኛል» ካላችሁ ተቀባይዋ የሳምንት ቀጠሮ ትሰጣችኋለች። የእሷ ጥፋት አይደለም፤ ያልሰማችውን አታውቅም። ስለዚህ እብጠቱን አስቀድሙ። እንዲህ በሉ፦

«እኅቴ፣ የታች መንጋጋ ጥርሴ ከተሰበረ ሁለት ወር ሆኖታል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ፊቴ አብጧል። ትኩሳት አለኝ፣ አፌን እንደ ልብ መክፈት አልቻልኩም። ዛሬ ሐኪም ማየት አለብኝ።»

እብጠት፣ መቼ እንደጀመረ፣ ትኩሳት፣ አፍ መክፈት። እነዚህን አራት ነገሮች የሰማ ሰው ዝም ብሎ ቀጠሮ አይሰጥም። ዛሬ ቦታ የለም ከተባላችሁ «ታዲያ ዛሬ የሚያየኝ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጠሮውን ይዛችሁ ቤት አትመለሱ። ሆስፒታል ወረፋ ላይ ስትጠብቁ እየባሰባችሁ ከሆነም ዝም አትበሉ። ነርሷን ጠርታችሁ መዋጥ እንዳቃታችሁ ንገሯት። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ መታወቂያ፣ የመድን ደብተር፣ እስካሁን የወሰዳችሁት መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ ከዚህ በፊት የተነሣ ራጅ ካለ፣ አብሮ የሚጠብቅ ሰው። ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ከሆነ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አፍ ሲያብጥ መናገር ይከብዳል።

4. ሐኪም ጋ እስክትደርሱ

በለብታ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቀስ ብላችሁ ተጉመጥመጡ። በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ጨርቅ ከውጭ ለ15 ደቂቃ ያህል ያዙበት። ስትተኙ ትራስ ደርቡ። የተሰበረ ስብርባሪ ካለ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የአደጋ ምልክት ከሌለባችሁ ፈሳሽ ጠጡ፤ ምግብ መዋጥ ያቃተው ሰው ውሃም ይረሳና ሰውነቱ ይደርቃል።

ለሕመሙ፣ ጤነኛ አዋቂ ምግብ ቀምሶ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ መውሰድ ይችላል። ካልበቃው ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይጨምርበታል። ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት ስለሆኑ አብረው ይወሰዳሉ። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ከዚያ ባነሰ መጠን ስለሚወስድ ፋርማሲስቱን ይጠይቅ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አይቡፕሮፌን የሚቀሰቅሰው አስም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው እና ነፍሰ ጡር አይቡፕሮፌን ይቅርባቸው። ዳይክሎፌናክ ተወግታችሁ ከሆነ አይቡፕሮፌን አትደርቡበት፤ ወገናቸው አንድ ነው። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም፤ ሌላውም በክብደቱ ነው የሚለካው።

የማይደረገው ይበዛል።

የሞቀ ጨርቅ ወይም የጋለ ጨው ፊት ላይ አታድርጉ። እብጠቱን በመርፌ አትብሱ። አረቄ አትያዙበት፤ ድዱን ያቃጥላል እንጂ መግሉ ጋ አይደርስም። አስፕሪንም ነጭ ሽንኩርትም ድድ ላይ ሲቀመጥ ያቆስላል። የቅርንፉድ ዘይት የጥርሱን ሕመም ለጥቂት ሰዓት ሊያደነዝዝ ይችላል፤ እብጠቱን ግን አያጎድልም።

«ምች ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ዳማከሴ አሽታችሁ ብትጠጡ ጉዳቱ ከቅጠሉ አይመጣም፤ የሚጎዳችሁ ስትጠብቁ የምታጠፉት ቀን ነው። አብጦ የሚያም ፊት ባለበት ሁሉ አፍ ውስጥ የተሰበረ ወይም የተቦረቦረ ጥርስ አለ ወይ ብላችሁ መጀመሪያ ፈልጉ።

አሁን ወደ መድኃኒት ቤቱ እንምጣ። አሞክሳሲሊን ከሜትሮኒዳዞል ጋር ያለ ማዘዣ ገዝቶ ቤት መግባት በከተማችን የተለመደ ነው። ሁለት ቀን ይወሰዳል፤ እብጠቱ ይጎድላል፤ የተረፈው እንክብል መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ከሳምንታት በኋላ ፊቱ እንደገና ያብጣል። ለምን? የሞተው ነርቭ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ መድኃኒቱ ደግሞ በደም ነው የሚሄደው። ባክቴሪያው የተደበቀበት ጉድጓድ ሳይነካ ይቀራል። አንቲባዮቲክ እሳቱ እንዳይዛመት ያግዛል እንጂ ምንጩን አያነሳም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም በ2019 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ነው ያስቀመጠው፦ ቅድሚያ ለጥርሱ ሕክምና ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚጨመረው ኢንፌክሽኑ ወደ ሰውነት እየተዛመተ መሆኑን የሚያሳይ ትኩሳትን የመሰለ ምልክት ሲኖር ነው።

ከሁሉ የባሰው «እብጠት ማጉደያ» ተብሎ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ነው። ፊቱ በአንድ ሌሊት ይጎድላል፤ ሰው ዳንኩ ይላል። መድኃኒቱ ግን ሰውነት ኢንፌክሽኑን የሚዋጋበትን ኃይል ነው የሚያዳክመው። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ስኳሩንም ይሰቅልበታል። ሐኪም አይቶ ሳያዝ አትውሰዱት።

5. ወንበሩ ላይ

ሐኪሙ ጥርሶቹን በብረት ጫፍ ቀስ እያደረገ ይመታል። የታመመው ጥርስ ሲመታ ትዘላላችሁ፤ ያኔ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ራጅ ይነሣል። ሥሩ ጫፍ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ከታየ አጥንቱ ተበልቷል ማለት ነው፤ ገና ትኩስ ኢንፌክሽን ከሆነ ግን ራጁ ምንም ላያሳይ ይችላል።

ሕክምናው በሦስት መንገድ ነው። ጥርሱ የሚተርፍ ከሆነ ከላይ ተከፍቶ መግሉ በውስጡ ይፈሳል፤ ሩት ካናሉ (የሞተው ነርቭ ወጥቶ የሥሩ ውስጥ ተጠርጎ የሚሞላበት ሕክምና) በቀጠሮ ይጨረሳል። ስብራቱ ከድድ በታች ከወረደ ወይም ሥሩ ከተሰነጠቀ ይነቀላል። መግሉ ድድ ላይ ካበጠ ትንሽ ተሰንጥቆ ይወጣል። መግሉ ሲወጣ ይሸታል፤ ጣዕሙም ይመራል። ግን ለቀናት ፊት ውስጥ ሲወጥር የነበረው ግፊት ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

አንድ ነገር ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። «እብጠቱ ይጉደልና ትነቀላለህ» የሚለው ምክር በብዙ ክሊኒክ ይሰማል። አፍ አልከፈት ሲል ወይም ማደንዘዣው አልይዝ ሲል ምክንያት አለው፤ የተቆጣ ሥጋ አሲድ ስለሚበዛበት መርፌው እዚያው ሲወጋ ኃይሉ ይቀንሳል። ለዚህም ሐኪሙ ከእብጠቱ ርቆ ነርቩ የሚመጣበትን ቦታ ይወጋል። እብጠት ስላለ ብቻ ግን ጥርስ መንቀል ክልክል አይደለም። እንዲያውም ምንጩ ቶሎ ሲነሳ ሰውነት ቶሎ ያገግማል። መድኃኒት ብቻ ጽፈው ከሸኟችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ መግሉ ዛሬ ለምን አይወጣም? ተመልሼ የምመጣው ስንት ቀን ቆይቼ ነው? ሌሊት ቢብስብኝ የት ልሂድ? መልሱ «ሲጎድል ትመጣለህ» ብቻ ከሆነ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

ዋጋም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካርድ፣ ራጅ፣ ማስነቀል ወይም ሩት ካናል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍነው ቆብ)። ብዙ ሰው የሩት ካናሉን ብቻ ሰምቶ ይገባና ክራውኑ ሲነገረው ያቋርጣል። አቅም ለዚያ ካልደረሰ ማስነቀል አያሳፍርም። በግማሽ የቀረ ሩት ካናል ከተነቀለ ጥርስ ይብሳል።

ለሐኪሙ መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ስኳር፣ ግፊት፣ እርግዝና፣ ኤች አይ ቪ፣ የካንሰር ሕክምና፣ ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የልብ ቫልቭ ችግር። በልጅነቱ የቁርጥማት ትኩሳት ታሞ ልቡን የተጎዳ ሰው በአገራችን ብዙ ነው፤ ቫልቩ የተቀየረ ከሆነ ከመነቀሉ በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ ይወስዳል። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ «እስክወልድ ልታገስ» አትበሉ። ማደንዘዣውም ማስነቀሉም በእርግዝና ይቻላል። ሳይታከም የሚቆይ ኢንፌክሽን ነው ለእናትም ለፅንስም የሚከፋው።

6. ከታከማችሁ በኋላ

ከተነቀለ ጥጡን ለ30 ደቂቃ ያህል ነክሳችሁ ያዙ። ለ24 ሰዓት አትትፉ፣ በስትሮ አትጠጡ፣ አታጭሱ፣ ጠንከር አድርጋችሁ አትጉመጥመጡ። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም ቁስሉን የሚሸፍነው ነው፤ ከወለቀ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ከበፊቱ የባሰ ሕመም ይመጣል። ከ24 ሰዓት በኋላ በጨው ውሃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ ይጀመራል።

የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ሐኪሙ ባለው ቀን ልክ ውሰዱ። ሜትሮኒዳዞል ከሆነ ጠላም ጠጅም ቢራም አይነካም። በጾም ላይ ከሆናችሁ ሐኪሙ ሰዓቱን አብሯችሁ እንዲያወጣ ንገሩት። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት ንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል፤ በእስልምናም የታመመ አፍጥሮ በሌላ ቀን ያካክሳል። መድኃኒት ዘሎ ጾምን መሙላት ግን አይሆንም።

ምንጩ ከተነሣ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ እብጠቱ መቀነስ መጀመር አለበት። ካልቀነሰ፣ ትኩሳት ከተመለሰ ወይም አፍ ይበልጥ ከተዘጋ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ።

ከአገር ውጭ ላላችሁ

አሜሪካ ላይ የአደጋ ምልክት ካለ 911። ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ገንዘብና ኢንሹራንስ ሳይጠይቁ መርምረው ከአደጋ ማውጣት ግዴታቸው ነው፤ ሕጉ ከ1986 ጀምሮ አለ። ሂሳቡ ግን በኋላ ይመጣልና ከሆስፒታሉ የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ ጠይቁ። ድንገተኛ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ አይነቅልም፤ መድኃኒትና ሪፈር ይሰጣል። ስለዚህ በማግስቱ በገቢ ልክ የሚያስከፍል የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ወይም የጥርስ ትምህርት ቤት ክሊኒክ ፈልጉ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላላችሁ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ኮሌጅ አለ። የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

እስራኤል ላይ አምቡላንስ 101፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እንግሊዝ 999፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998 ነው። ቤት ሠራተኛ ሆናችሁ አሠሪ «ፓናዶል ውሰጂ» ብላ ካቆየቻችሁ መስመር የተደረገበትን የፊታችሁን ፎቶ ከነሰዓቱ አሳዩ፤ ትኩሳቱን ለክታችሁ ቁጥሩን ንገሯት። ለቅርብ ጓደኛም ላኩት። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃታችሁ ግን ፈቃድ አትጠብቁ፤ አምቡላንስ ጥሩ።